በአባቴ ሸራ ስለተሸፈነችው የክቡርነትዎ መኪና

ለክቡር ዋና ሥራ አስኪያጅ፣
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የክቡርነትዎን ጤና፣ ቀጥሎም ጣሪያዋ የሚከፈተውን አዲሷን መኪናዎን ጤና እጠይቃለሁ፤ የማክሰኞው ዝናብ ሁለታችሁንም ጉንፋን እንዳላስያዛችሁ ተስፋ አደርጋለሁ። ይህን ደብዳቤ በር ላይ የለጠፍኩት፣ እርስዎም የተናገሩት በአደባባይ ስለነበር ነው።

አንደኛ፣ መኪናዎ አንዲት ቁልፍ ሲጫኑ ጣሪያዋን አጣጥፋ ኋላዋ ትከታለች፤ እንዲህ ያለ ጥበብ በነፃ ስላሳዩን ምስጋናችን የላቀ ነው። የአባቴ ትንሿ መኪና ግን ከእኔ በአሥራ አንድ ዓመት ትበልጣለች፤ የግራ በሯ ከውስጥ ካልሆነ አይከፈትም፣ ዳገት ላይ ታቃስታለች። ጣሪያዋ አንድም ቀን ተከፍቶ አልቀረም፤ አይከፈትማ!

ሁለተኛ፣ ዕድሜ ልኩን ልብስ ሲሰፋ የኖረው አባቴ ጉልበቴን እንዳመመኝ ሰምቶ፣ ማክሰኞ ከሥራ መውጫ ላይ ሊወስደኝ መጥቶ ከበሩ ውጪ አቆመ። እርስዎም በዚያ ሁሉ ሠራተኛ ፊት፣ ይሄ ቆርቆሮ የማን ነው ብለው በተለመደው ትሕትናዎ ጠየቁ። ከሁሉ ቀድሜ አላውቅም ያልኩት እኔ ነኝ። አባቴ ከእኔ ሦስት እርምጃ ርቆ ቆሞ ነበር። ምነው ያኔ መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሦስተኛ፣ ወዲያው ዝናቡ ሲወርድ የተከፈተውን ጣሪያ ለመዝጋት ቁልፏን ቢጫኑ፣ ደግመው ቢጫኑ፣ ጣሪያው ንቅንቅ አላለም። የክፍል ኃላፊዎቻችን ምክር ብቻ ሲያዋጡ፣ አባቴ የራሱን መኪና የሚያለብስበትን፣ በገዛ እጁ የሰፋውን ሸራ አምጥቶ ወንበሮችዎን ሸፈነ። እርስዎ አጥብቀህ እሰረው ብለው ሲያዙት፣ እሱ አይዞህ ልጄ አለዎት። በዚያች ሰዓት ሌላ ልጅ አልነበረውም። ከዚያ በስብሶ ብቻውን ነድቶ ሄደ፤ እኔም በታክሲ ገባሁ።

ቤት ስደርስ አንዲት የወቀሳ ቃል አልወጣውም። የዚያ ልጅ ወንበር ደረቀለት ወይ ብሎ ብቻ ጠየቀኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር። ስለዚህ ሸራው እንዲመለስ በታላቅ ትሕትና እለምናለሁ፤ ጥያቄዎም ያለ መልስ እንዳይቀር፣ ቆርቆሮው የአባቴ ነው።

ከላቀ አክብሮት፣ ከእሱም ከላቀ እፍረት ጋር፣
የባለ ቆርቆሮው ልጅ፣ ከጽሕፈት ክፍል

ማስታወሻ፦ ይህ ደብዳቤ የተለጠፈው፣ የግቢውን ገጽታ የሚያበላሹ አሮጌ መኪኖች እንዳይገቡ የሚከለክለው ማስታወቂያ በነበረበት ቦታ ነው። እርስዎ ያዘዙኝ አሮጌ መኪኖች አይገቡም ብዬ እንድጽፍ ብቻ ነበር፤ ገጽታ የሚያበላሹ የሚለውን እርስዎን ለማስደሰት የጨመርኩት እኔ ነኝ። ጥበቃው ዛሬ እንደነገረኝ፣ አባቴ ማክሰኞ ማስታወቂያውን ቆሞ አንብቦ ማን ጻፈው ብሎ ጠየቀ፤ እኔ መሆኔን ሲሰማም፣ ልጄ ሲጽፍ ያምርበታል ብሎ መኪናውን ወደ ውጪ መለሳት።