ወደ ግድግዳው የሄደው

አንተ፣

ለእማዬ ደውለህ "ቁም ሳጥኑን እኩል ስንጎትት መስታወትሽን አብረን ሰበርነው" ብለሃታል።

እኩል?

ጉልበት እንዲህ በደፈናው አይደመርም፣ የኔ ጌታ። የእያንዳንዳችንን ጉተታ ለሁለት ትከፍለውና ወደ በሩ የሳበውን ለብቻ፣ ወደ ግድግዳው የሳበውን ለብቻ ትደምራለህ። እኔ ቀጥ አድርጌ ወደ በሩ ሳብኩት። አንተ ስልክህን እያየህ በሰያፍ ጎተትከው። ወደ በሩ አግዘኸኛል፣ አልክድም። ወደ ግድግዳው የሄደው ግን በሙሉ ያንተ ነው፤ መስታወቱ የተሰቀለው ደግሞ እዚያው ነበር።

ሶፋው ስር ስባሪ ስለቀረ በባዶ እግርህ እንዳትሄድ።

ቁም ሳጥኑን ዛሬ ብቻህን ትመልሰዋለህ። በማን እንደምታላክክ አያለሁ።

እህትህ