በፈቃዳቸው ሄዱ

ኅዳር 20 ቀን 1977፣ ሐሙስ ማታ

የስምንተኛ ክፍል ፈተና እያረምኩ ነው። ግማሹ ልጅ የለም። ከረሃቡ ወዲህ ወንበሩ ባዶ እየሆነ ሄዷል። ዳቦ ሰልፍ ቆሜ ባዶ እጄን ተመለስኩ። ወገቤ ተቆርጧል።

የውይይት ክበቡ ንግግር እንድናቀርብባቸው አገሮችን በዕጣ አከፋፈለን። የሒሳቡ አስተማሪ ቡልጋሪያን አወጣ። ለእኔ ዩጎዝላቪያ ደረሰችኝ። ጓድ ታደለ፣ የት/ቤታችን ካድሬ (ከእንግዲህ ጓ/ታ ብዬ እጽፈዋለሁ፣ ቀለሜን አልጨርስበትም)፣ ዩጎዝላቪያ ሰፊ ናት፣ ሰርቢያን ብቻ ያዢ አለኝ። ሰርቦች እንዴት አገርና መንግሥት እንዳቆሙ። በሳምንቱ ሐሙስ። ከክፍለ ሀገር እንግዶች ይመጣሉ። ሰርቢያን እኮ ካርታ ላይ ፈልጌ አጣኋት። የታሪክ አስተማሪ ተብዬ! ደብተሬ፣ ሳቂብኝ።

ኅዳር 22፣ ቅዳሜ

ጉድ ፈላ። ሁሴን ኮምቦልቻ መጠለያ ውስጥ ነው። ታላቅ ወንድሜ። ከኩታበር የመጣች ሴት ናት የነገረችኝ። የእርዳታ ስንዴ ሊቀበል ወረፋ ቆሞ ሳለ ከነአቁማዳው ካሚዮን ላይ አወጡት። ለሰፈራ። ሚስቱና ልጆቹ ኩታበር ቀሩ፣ እሱን ወለጋ ሊወስዱት ነው። ያ ረቢ፣ ይህ ምን ይባላል?

ወዲያው ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ ወረድኩ። ሐረጎ ቁልቁለት ላይ አውቶቡሱ ውስጥ የሚያወራ ሰው አልነበረም። ሁሉም የተያዘበትን ሰው ሊፈልግ የሚሄድ ነው። ሁሴንን በሽቦው በኩል አየሁት። ከስቷል፣ ጢሙ ሸብቷል። አብሽሪ አለኝ። የተያዘው እሱ፣ አብሽሪ የምባለው እኔ! ጎረቤታችን ይማምም አብሮት አለ፣ ከነሦስት ልጆቹ። ሰዉ አንሳፈርም ብሎ ስላስቸገረ ጭነቱ ለጊዜው ቆሟል።

ከአውቶቡስ ወርጄ በቀጥታ ጓ/ታ ቤት ሄድኩ። ለሰው ተለማምጬ አላውቅም። ዛሬ ተለማመጥኩ። መጀመሪያ ንግግርሽን እንይ አለ፤ ከዚያ ኮምቦልቻ ላሉት ጓዶች አንድ ነገር እላለሁ። ደግ ሰው መስሎ በር ድረስ ሸኘኝ።

ኅዳር 24፣ ሰኞ

የሰኞ ገበያ ጫጫታ በመስኮት ይገባል። ገበያ ይሉታል እንጂ እህል የለበት። ሰው ብቻ ይተራመሳል።

ሰርቢያን አነበብኩ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቱርክ ገዝቷቸዋል። ግፉ ሲመርር ገበሬው ተነሣ። መሪው የአሳማ ነጋዴ ነበር። አስተግፊሩላህ! ይህን ለወሎ ሰው እንዴት ብዬ ልናገረው? የከብት ነጋዴ ብዬ ጻፍኩ። ሌላ መሪ መጣ፣ የፊተኛውን አስገደለና የተቆረጠ ጭንቅላቱን ለሱልጣኑ ላከ። ከዚያ ከቱርክ ጋር ጥቂት በጥቂት እየተደራደረ መስፍን ሆነ። ቆይተው ንጉሥ አነገሡ። ደግሞ ቆይተው የገዛ መኮንኖቻቸው ቤተ መንግሥት ገብተው ንጉሡን ከነሚስቱ ገደሏቸው። እዚህ ስደርስ ተነሥቼ መስኮቱን ዘጋሁ። የማነበው እኮ በልቤ ነው!

ሌላው ግን ከልቤ አልወጣ አለኝ። ቤልግሬድ ከተማ እስላሙም ክርስቲያኑም አብሮ ይኖር ነበር። አንድ ቀን ምንጭ ዳር ጠብ ተነሣ፣ ሰው ሞተ፣ ከተማው በመድፍ ተመታ። በመጨረሻ እስላሞቹ ውጡ ተባሉ። ከዓመታት በኋላ በደቡብ በኩልም እንዲሁ ሆነ። በብርድ፣ በጋሪ፣ ሕፃን እንደታቀፉ ወጡ። መንገድ ላይ የቀረው ቀረ። በቤታቸው ከተራራ የወረዱ ሰዎች ገቡበት፤ መሬቱን መንግሥት ሰጣቸው። ከዚያ ሁሉ መስጊድ ቤልግሬድ ውስጥ አንድ ተረፈ ይላል መጽሐፉ። ይህንም የጻፈው ከገጹ ግርጌ ነው፣ በደቃቅ ፊደል።

የእናቴ ወንድም ቄስ ነው። ለአረፋ ይመጣል፣ በግ ለብቻው ያርዳል፣ አብረን እንውላለን። ውጣ የሚለው የለም። ይህን እያሰብኩ እራቴን ሳልበላ ቀረሁ።

ኅዳር 26፣ ረቡዕ

ጓ/ታ ጽሑፌን በቀይ እስክሪብቶ አረመው። መኮንኖቹ የገደሉት ንጉሥ፤ ሰረዘው። ቀና ብሎ አየኝ። ከጦርነቱ በኋላ የገዛቸው ማርሻል ከሞስኮ ጋር የተጣላው፤ ሰረዘው። ፌዴሬሽኑ፣ ለክፍለ አገሮች የተሰጠው ራስ ገዝነት፤ ኤርትራን ልታስታውሺን ነው ወይ ብሎ ሁለት ጊዜ ሰረዘው። የቀረኝ አንድ ገጽ። ቱርክ ወጣ፣ ሰፋሪ ገባ።

እዚያች ላይ ፊቱ በራ። ሰፈራ! ይቺን አስፊያት አለኝ። የሰርብ አገር በሰፈራ ለማ፣ ሰፋሪው ጠገበ በይ። የወጡትስ አልኩት። በፈቃዳቸው ሄዱ በይ አለ። ሁሴንን ጠየቅሁት። ንግግሩ ካማረ ሰኞ ቤትሽ ይገባል አለኝ።

ቀኑን ሙሉ ከራሴ ጋር ስሟገት ዋልኩ። እነዚያ ሰዎች ከሞቱ ስንት ዘመን። ሁሴን ግን አለ፣ ይተነፍሳል፣ ልጆች አሉት። ሙታን አይቀየሙኝም። የሚቀየሙኝም ከሆነ ይቀየሙኝ።

ኅዳር 27፣ ሐሙስ

አልኩት። በፈቃዳቸው ሄዱ አልኩ። ድምፄ አልተንቀጠቀጠም፣ እኔው ገረመኝ። ተጨበጨበ። የክፍለ ሀገሩ እንግዳ እጄን ጨብጠው፣ ይህን መስማት ያለባቸው ሰፋሪዎቹ ናቸው አሉ። እሑድ ኮምቦልቻ መጠለያ እንድናገር ተወሰነ። የኩታበር ልጅ ነሽ፣ ያምኑሻል። ሁሴንስ አልኩት ጓ/ታን። ከእሑዱ በኋላ አለኝ። ተንኮላቸው አያልቅም።

ኅዳር 30፣ እሑድ፣ 11 ሰዓት

ጽፌ ልገላገለው።

ድምፅ ማጉያ ሰጡኝ። ሰዉ መሬት ላይ ተቀምጧል። አቧራ። ሳል። ሁሴን ከፊት፣ ይማም አጠገቡ፣ ትንሿ ልጁ ጭኑ ላይ ተኝታለች። ስለ ሰርቢያ ነገርኳቸው። ሩቅ አገር፣ ሰው ከደጋ ወርዶ ሰፍሮ የጠገበበት። በፊት የነበሩትም በፈቃዳቸው ሄደው ሌላ አገር ሰፈሩ። አውቶቡሶቹ ከኋላዬ ቆመዋል።

ይማም እጁን አወጣ። እንደ ተማሪ።

«ዘሀራ፣ እህቴ፣ እነዚያ የሄዱት ሰዎች ደኅና ገቡ?»

ጓ/ታ አጠገቤ ነው። ሁሴን አቀርቅሯል።

«ደኅና ገቡ» አልኩ።

ይማም አልሐምዱሊላህ ብሎ ልጁን አቅፎ ተነሣ። ሌሎቹም ተከተሉት። የሁሴን እህት አትዋሸንም ይባባሉ ነበር። አውቶቡሶቹ ያለ ዱላ ሞሉ። ሁሴንን በር ላይ አስረከቡኝ። እስከ ደሴ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ ሄደ።

ታኅሣሥ 1፣ ሰኞ

ሁሴን ቤቴ ነው። ስለቴ ደረሰ። ደስታው የታለ?

ያቀረብኩለትን አልነካም። ከመግሪብ በኋላ ጠራኝ። እውነቱን ንገሪኝ፣ ደኅና ገቡ ወይ አለ። ነገርኩት። ብርዱን፣ መንገዱን፣ ያልተመለሱትን። አላለቀስኩም። እሱ አለቀሰ።

«እኔም አውቄ ነበር» አለኝ። «ስትዋሺ አውቅሻለሁ፣ ከልጅነትሽ። ይማም እኔን እያየ ነበር። ቀና ብል አይሳፈርም ነበር። አቀረቀርኩ።»

የጓ/ታን ነገር ደብቄው ነበር፤ አወጣሁት። ሐሙስ ሐይቅ መጠለያ ሄጄ ይህንኑ እንድናገር አዞኛል፣ ከዚያ ወልድያ፣ ከዚያ ወዳሉኝ። ዛሬ ሠራተኛ ሁሉ በሚሰማበት አሞገሰኝ፣ ለብቻችን ስንሆን ደግሞ ወንድምሽ እኮ ከእጃችን አልራቀም አለ።

ሁሴን እንቢ በይው አለኝ።

መልሰው ይወስዱሃል አልኩት።

«ይውሰዱኝ» አለ። «አንቺ አስማምተሽ ከምትልኪኝ እነሱ ገፍተው ቢወስዱኝ ይሻለኛል። የሐይቁ ሰውስ እህት የለውም?»

ተጣላሁት። ልጆችህስ አልኩት። እብድ አልኩት። ለዚህ ነው እንዴ የተዋረድኩት፣ ለዚህ ነው ሰው ያስጫንኩት አልኩት። 

ታኅሣሥ 2፣ ማክሰኞ ጠዋት

ሁሴን ሱብሒን ሰግዶ በእግሩ ወደ ኩታበር ሄደ። ተደበቅ ብዬ ለመንኩት። ለምኔ አለ፤ ከጠየቁሽ ቤቱ ነው በያቸው። ልጆቹን ያያል። ከዚያ የይማም እናት ዘንድ ሄዶ የሆነውን ይነግራቸዋል። እኔ ልንገር አልኩት። ለሳቸው ከአንቺ ሲሰሙት ይከፋል አለ።

ት/ቤት ሊደወል ነው። መጀመሪያ ጓ/ታ ቢሮ እገባለሁ። ሐይቅ አልሄድም እለዋለሁ። ታመምኩ፣ ድምፄ ተዘጋ ማለት ይቻል ነበር። አልልም። የነገርኳቸው ውሸት ስለሆነ አልደግመውም እለዋለሁ። 

የሁሴን ልጆች ዛሬ አባታቸውን ያገኛሉ። እስከ መቼ እንደሚቆይላቸው እኔ አሁን ሄጄ እወስናለሁ።