ቢጫ የሆነው አልጌ

መካነ ሰላም፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ኡምኩልሱምዬ፣ ለመናገር አፍሬ ነው እንጂ አንድ ጥፋት አጥፍቻለሁ። የአክስቴ ልጅ ሀይማኖት ለመመረቂያ ጥናቷ ቤቷ መስኮት ላይ፣ በሃይላንድ ፕላስቲኮች ውስጥ አልጌ ታሳድጋለች። ኩሬ ላይ የምናየው አረንጓዴ ነገር ነው፤ ለካ ዘይት ይወጣዋል። ባለፈው ሳምንት ልጠይቃት ሄጄ አንዱ ቢጫ ሆኖ ሳየው አንጀቴን በላው። አቀስታ ገብሳችን ቢጫ ሲሆን አባቴ ዩሪያ ይበትንለት የለ? እኔም እሷ ወጣ ስትል፣ ለአልጌው ካስቀመጠችው ዩሪያ ቆንጥሬ ጨመርሁለት። ዛሬ አብረን ስንገባ ለምለም ሆኖ አገኘችው።

«ማነው ያበላብኝ? ሆን ብዬ ያስራብሁት እኮ ነው! ሲራብ ነው ዘይት የሚያጠራቅመው» ብላ ጮኸች። ትርፍ ቁልፉ ያለው አከራይዋ ዘንድ ስለሆነ «እትዬ አልታዬ፣ እርስዎ ነዎት?» አለቻቸው።

«ኧረ አንቺ ልጅ! እኔ ዶሮዎቼንስ መቼ አጠገብሁ?» አሉ እየሳቁ።

እሷ ግን አላመነቻቸውም። ሳቃቸው ጠፍቶ ዓይናቸው እንባ አቀረረ። የወር ልፋቷን ያበላሸሁት እኔ ግን ወለል ወለሉን አየሁ።

ፖስትካርዱ ሞላብኝ። እናትሽንና ታናናሾችሽን ሰላም በይልኝ፤ ናፍቃችሁኛል። ነገ ሀይማኖት ከቤት ሳትወጣ፣ እትዬ አልታዬ እየሰሙ፣ «እኔ ነኝ» እላታለሁ።

እናኑ