የአህያዋ ይለፍ ቃል

ሰኔ 14 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ቆቦ

የገበሬ ማኅበራችን መጠባበቂያ ዘር የሚቀመጠው ዋጃ ባለው ጎተራ ነው። ጠባቂው ሰይድ የይለፍ ቃል ካልነገሩት አያስገባም፣ አያስወጣም። ከእሱ ሌላ ቃሉን የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ፤ ዘር ለማመላለስ አህያ በተጫነ ቁጥር እርሻዬን ትቼ መከተል ሰለቸኝ። በመሠረተ ትምህርት አንደኛ የወጣ ሰው መላ አያጣም፤ ቃሉን ጆንያው ላይ በከሰል ጻፍኩት። «ከእንግዲህ አህያዋ ራሷ ትናገራለች» ብዬ ገበያ ላይ ፎከርኩ።

የቆቦውን ዘር ነቀዝ ስለጨረሰው ዛሬ ዋጃ ወረድኩ። ጎተራው ባዶ ነው።

«አንድ ሰውዬ ቃሉን ነግሮኝ ጭኖ ሄደ። ምን ላድርግ፣ ወንድምዬ?» አለኝ ሰይድ።

ለካ ማታ ማታ ፊደል የቆጠርኩት ብቻዬን አልነበረም። ዝናቡ ጀምሯል፣ የሚዘራ የለም። ሊቀመንበሩ ነገ ይጠራኛል። ጽሕፈቴን ያላሳየሁት ሰው ስለሌለ፣ እኔ አልጻፍኩም እንኳ ማለት አልችልም።