ገናና መውሊድ ከጣውንቴ ጋር

ሰኞ፣ ታኅሣሥ 26 ቀን 1974 ዓ.ም.፣ ደብረ ብርሃን

ዘይነባ ላከችብኝ! ጣውንቴ፣ የባሌ የኑሩ የመጀመሪያ ሚስት። አንድ በርበሬ ነጋዴ በራፌ ላይ ቆሞ መልእክቷን እንደ ዳዊት ደገመልኝ፦ «ዘንድሮ ገናና መውሊድ ጎን ለጎን ውለዋል። ከኑሩ ጋር ወደ አሊዩ አምባ ውረጂና በዓሉን አብረን እናሳልፍ።»

ከኑሩ ጋር? ኑሩ እኮ ቅዳሜ «መውሊድ ስለደረሰ ገናን ካንቺ ጋር መዋል አልችልም» ብሎኝ ወደ እሷ ወርዷል። የሆነ ነገር አለ።

ማክሰኞ፣ 27

እንቅልፍ የለም። ልትመርዘኝ ይሆን? አይ፣ ያን ያህል ሞኝ አይደለችም። ሽማግሌ ሰብስባ ልታስፈታኝ ነው። አዎ፣ ይኼ ይመስላል። ከተጋባን ጀምሮ ሰላምታ እንኳ ልካ የማታውቅ ሴት ዛሬ እንዴት ናፈቅኳት?

ጎረቤቴ አስካለ «አትሂጂ፤ ከሄድሽም ውኃ እንኳ እንዳትቀምሺ» አለችኝ። ያልጠረጠረ ተመነጠረ።

የማስተምርበት ትምህርት ቤት ለበዓሉ ተዘግቷል፤ ከቀበሌ የይለፍ ወረቀት አወጣሁ። የሚያስፈቱኝ ከሆነ ዐይኔ እያየ ያስፈቱኝ። ባሌን እወደዋለሁ፤ ላጣው አልፈልግም።

ረቡዕ፣ 28፣ አሊዩ አምባ

እስከ አንኮበር በጭነት መኪና፣ ከዚያ ቁልቁል በእግር። ጉልበቴ አለቀ። ደብረ ብርሃን ውርጭ፣ እዚህ ወበቅ፤ ጋቢዬን ተሸክሜ ገባሁ።

ዘይነባ በራፍ ላይ ቆማለች። በዕድሜ ብዙ ትበልጠኛለች። ሳመችኝና ከኋላዬ ያለውን መንገድ ማየት ጀመረች።

«ኑሩስ?»

«እዚህ አይደል እንዴ ያለው?» አልኩ።

«ገናን ካንቺ ጋር ሊውል ብሎ ከወጣ ሰነበተ።»

ደብቃዋለች! ውኃ ፍለጋ መስዬ የጓዳውን መጋረጃ ሳይቀር ገልጬ አየሁ። የለም። እሷም ጠርጥራኛለች፤ «አስቀርተሽብኝ እንዳይሆን» አለች እየሳቀች። ሳቋ ግን የምር አልነበረም።

ሐሙስ፣ 29፣ ገና

በግ በክርስቲያን እጅ አሳርዳልኛለች። ድስቱም ቢላዋውም አዲስ። ሥርዓቱ ይገባኛል፤ እኔም ቤቴ ውስጥ ለኑሩ ድስት ለይቼለታለሁ። ግን ለብቻ የተሠራ ወጥ ለመራዥም ይመቻል።

መጀመሪያ ለድመቱ ጣል አደረግሁለት። በላ። ፀሐይ ላይ ሄዶ ተዘረረ። ልቤ ቀጥ አለች! ለካ ጠግቦ ተኝቷል። እኔም በላሁ። አፈርኩ፤ ወጡ ደግሞ እንዴት ይጣፍጣል!

ከሰዓት በኋላ ኑሩ በየቤታችን ስለሚያድርበት ተራ አነሣን። መስቀል ሰሞን ለእኔ እሷ ጋ እንደሚሆን ነግሮኛል፤ ለእሷ ደግሞ እኔ ጋ። ኅዳር ሚካኤልም እንደዚያው። እኔ እሷን ስረግም፣ እሷ እኔን ስትረግም።

ቀኖቹን በጣታችን ቆጠርን።

«ሦስተኛ አለች» አሉ እትዬ ዘይነባ። ከአሁን በኋላ አንቺ ማለት አልቻልኩም።

ዓርብ፣ 30፣ መውሊድ

ድቤው ከጠዋት ጀምሮ ይመታል። ዓርብ ነውና ሥጋ አልበላም፤ ሳልነግራቸው ሽሮ ሠርተውልኛል። ዛሬ ድመቱን አላስቀመስኩም።

ኑሩ ከሰዓት በኋላ መጣ። ሁለታችንን አንድ መደብ ላይ ሲያይ በሩ ላይ ቀረ።

«አሰላሙ ዐለይኩም» አለ በቀጭን ድምፅ።

«ወዐለይኩም ሰላም። ከየት?» አሉት።

እኔን አየ። እሳቸውን አየ። «እሷ ጋ ነበርኩ» የሚልባት ሚስት አልቀረችውም።

«አረርቲ» አለ።

እዚያ አንዲት ልጅ በኒካህ አግብቷል። ልጅቱ ነፍሰ ጡር ናት። «ልነግራችሁ ነበር» ይላል። መቼ? ልጁ ሲዳር?

ቅዳሜ፣ ጥር 1

ጠዋት ኑሩ «አብሬሽ ልውጣ» ብሎ ሲለማመጠኝ ነበር። እንቢም እሺም አላልኩትም። እወደው የለ? አሁንም እወደዋለሁ መሰለኝ፤ ያናደደኝም እሱ ነው። ጫማዬን ካሰርኩ በኋላ መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ እንደ ልጅ ተንሰቀሰቅሁ።

እትዬ ዘይነባ ፊቴን እንድታጠብ ውኃ አመጡልኝ። ዐይናቸው ደረቅ ነው።

«እርስዎ አያለቅሱም?» አልኳቸው።

«እኔማ አንቺ የመጣሽ ጊዜ አልቅሼ ጨረስኩ» አሉ ውኃውን እያፈሰሱልኝ። «ያኔ አጠገቤ የሚቀመጥ ሰው አልነበረም።»

ቂም የለበትም አባባላቸው፤ ብፈልግ ብፈልግ አጣሁበት። ቂም ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር።

ጫማዬን ፈታሁ። ዛሬ እዚሁ አድራለሁ።