ቅዳሜ ከተራራው የወረዱት ፕሮፌሰር ሆልሙሮድ

ፕሮፌሰር ሆልሙሮድ ከአባታቸው ከግንበኛው ኤሽቦይና ከእናታቸው ከኦይዲን፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መጋቢት 14 ቀን 1936 ከሻህሪሳብዝ በላይ ባለው በዚሁ መንደራችን ተወለዱ። በመንደሩ ትምህርት ቤት ሰባተኛ ክፍልን ጨርሰው ወደ ከተማ ወረዱ። ከዚያም በታሽከንት ፊዚክስ፣ በሌኒንግራድ ደግሞ ለአራት ዓመት የሞለኪውሎችን ጠባይ ተማሩ። በ1962 ተመልሰው የሒሳብ መምህርት ሳኦዳትን አገቡ፤ ማህሊዮ የተባለች አንዲት ልጅም ወለዱ።

በ1964 ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ከአገሩ የመጀመሪያዎቹ ሌዘሮች አንዱን ሠሩ። ቀዩ ጨረር ምላጭ ሲበሳ ያዩ ሁሉ አጨበጨቡ። እሳቸው ግን ሞለኪውሎች የሰው እጅ ሳይነካቸው ሰማይ ላይም እንዲሁ ያበሩ እንደሆነ ማወቅ ፈለጉ።

በነሐሴ 1968 በእጃቸው የሠሩትን የሬዲዮ ሞገድ መቀበያ ይዘው ብቻቸውን ተራራው ላይ ወጡ፤ ከአንድ ሩቅ የጠፈር ደመናም የውሃ ሞለኪውል የሚልከውን ምልክት ያዙ። ምልክቱ ከሰማይ ከሆነ፣ ምድር ፀሐይን ስትዞር ሞገዱ ከወር ወር በጥቂቱ መለወጥ አለበት፤ ካልተለወጠ ከራሱ ከመሣሪያው የመጣ ነው። ይህን ለማረጋገጥ አንድ ቀን ሳያቋርጡ እስከ ቅዳሜ ጥር 18 ቀን 1969 መለካት ነበረባቸው።

ሦስት ቀን ሲቀር ታናሽ ወንድማቸው ቱርዲ በረዶውን እየጣሱ ወጥተው እናታቸው በጠና ታመው እንደሚጠሯቸው ነገሯቸው። ፕሮፌሰሩ ቅዳሜ እንደሚወርዱ መለሱ።

«አካ፣ ታላቅ ወንድሜ፣ እንግዲህ ወርጄ እስከ ቅዳሜ ቆዪለት ልበላት?» አሉ ቱርዲ።

እናታቸው ሐሙስ አረፉ። ቅዳሜ ሲወርዱ የሟች ወንዶች ልጆች እንደ ወጉ ወገባቸውን ታጥቀው ለቀስተኛ በሚቀበሉበት በር ላይ መታጠቂያ የሰጣቸው ሰው አልነበረም። ሳይታጠቁ ዳር ቆመው ዋሉ።

ምልክቱ እውነተኛ ነበር። በቀጣዩ ወር ግን በሌላ አገር ያሉ ተመራማሪዎች ቀድመው ይፋ አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ፕሮፌሰሩ አርባ ዓመት ያህል ያንኑ ደመና ተከታተሉ። ያስተማሯቸው ወደየአገሩ ሄዱ፤ ሳኦዳትም በ1998 አረፉ። እሳቸው ለበዓል ሲመጡ መንደሩ በክብር ያስቀምጣቸው ነበር፤ አጠገባቸው የሚቀመጥ ግን አልነበረም። ስለዚያች ቅዳሜ ምክንያት ሲያቀርቡ የሰማ የለም። ትክክል ነበሩ ለማለት ይህን የጻፈው የወንድማቸው ልጅም አይደፍርም።

በዚህ ዓመት መስከረም ሳንባቸውን ታመሙ። ባለፈው ሳምንት ቱርዲ ሮማን ይዘው ሆስፒታል ሄዱ። ፕሮፌሰሩም አርባ ስምንት ዓመት ያልጠየቁትን ጠየቁ፦ ቅዳሜ እንደምወርድ ስትሰማ እናታችን ምን አለች?

«ያገኘውን ሲወርድ ይነግረኛል ነው ያለችው» አሉ ቱርዲ። ይህን እስከዚያ ቀን ለማንም አልተናገሩም ነበር። ፕሮፌሰሩም ለእናታቸው የሚያወሩ ያህል፣ ስለ ደመናውና ስለ ውሃው ትንፋሽ እስኪያጥራቸው ነገሯቸው።

ዛሬ ኅዳር 9 ቀን 2017 ማለዳ አረፉ። ልጃቸው ማህሊዮ፣ ሁለት የልጅ ልጆችና ወንድማቸው ቱርዲ ከኋላቸው ቀርተዋል።

ከስግደቱ በኋላ ኢማሙ እንደ ወጉ ይህ ሰው እንዴት ያለ ሰው ነበር ብለው ይጠይቋችኋል። ስትመልሱ የተነበበውን ሁሉ አስቡ። ቱርዲ ከንጋት ጀምሮ ወገባቸውን ታጥቀው በር ላይ ቆመዋል፤ ቀድመው የሚመልሱትም እሳቸው እንደሆኑ ነግረውናል።

አላህ ብቸኝነታቸውን አብቅቶ ነፍሳቸውን ከእናታቸው አጠገብ ያሳርፍልን። አሚን።