የወንጪ መርዶ

ሐሙስ

ዋሸሁ። የወንድሜ የሚኪ ስልክ ጠራና አነሳሁት። እስከ ዛሬ ሲጠራ ዝም ነበር የምለው። ደዋዩ ወንጪ ላይ ፈረስ የሚያከራየው ጋሽ ቶሎሳ ነው። ወንድሜ በየወሩ ሰው ይዞ እሳተ ገሞራው ወደ ፈጠረው ሐይቅ ሲወርድ፣ ዕቃቸውን የሚጭነው እሱ ነበር። "ያ ሰነፍ የት ጠፋ? ዳማው ፈረሴ መልኩን ረሳው በለው" ብሎኝ ሳቀ። ሚኪ ከሞተ ሦስት ሳምንቱ ነው። ልነግረው ነበር። አፌ ግን "እሑድ እንመጣለን" አለ። ፈረስ አዘጋጃለሁ ብሎኝ ዘጋ።

ዓርብ

ክፍል ውስጥ ምንም አልሰማሁም። ደውዬ እውነቱን ልናገር እልና ስልኩን መልሼ ኪሴ እከታለሁ። እማዬን ጠየቅኳት። "መርዶ በስልክ አይነገርም ልጄ። ሰውየው ሜዳ ላይ ብቻውን ቢሆንስ?" አለችኝ።

አባዬ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ማመልከቻ ይጽፋል። ወደ ሥራ ከተመለሰ ሳምንት ሆነው፤ ጢሙን ግን አልተላጨም። ስነግረው ተቆጣ። አርባው ሳይወጣ ተራራ ለተራራ ስንዞር ጎረቤት ምን ይላል አለ። ሽርሽር አይደለም አልኩት። በኋላ ግን፣ "ቀጠሮ ሰጥተህበታል። መቅረብ ነው እንግዲህ" አለ።

ቅዳሜ

ሚኪ ጨለማ ሳይገፈፍ ከተጓዦቹ ጋር አየር ጤና ተገናኝቶ በዚያው ቀን ይመለስ ነበር። መርዶ ግን በማለዳ ነው የሚነገረው። ስለዚህ ዛሬ ወሊሶ እናድራለን። አባዬ መንገዱ ሰላም መሆኑን ሾፌሮች ሲጠይቅ አረፈደ።

የያዝነው፦ ውሃ፣ ቆሎ፣ ሹራብ። ወንጪ ይበርዳል።

ልንወጣ ስንል የሚኪን ሰማያዊ ጃኬት ለበስኩ። እማዬ "አውልቀው፤ ከሩቅ እሱ ይመስላቸዋል" አለችኝ። አወለቅኩት።

እኔ እናገራለሁ ብሏል አባዬ። ሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሙሉ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት። ለሰው ሲጽፍ ቃል አያጣም ነበር።

እሑድ

ጉም ነበር። ጋሽ ቶሎሳ ዳማውን ጭኖ አፋፉ ላይ ቆሟል። እኔን ጨበጠኝ፤ ዓይኑ ግን ከኋላዬ ሚኪን ይፈልጋል። ከዚያ የአባዬን ጢምና ጥቁር ኮት አየ። አባዬ አፉን ከፈተ፤ ምንም አልወጣውም።

"ጋሽ ቶሎሳ፣ ሚኪ አርፏል" አልኩት።

ልጓሙን ለቀቀና መሬት ላይ ተቀመጠ። ባለፈረሶቹ ከያሉበት መጥተው ከበቡት። እነሱ በኦሮምኛ አለቀሱ፣ አባዬ በአማርኛ። የለቅሶው ድንኳን ውስጥ እንኳ እንዲህ አላለቀሰም። እዚያ እንግዳ ሲቀበል ነበር።

በኋላ ጋሽ ቶሎሳ ቤቱ ወስዶን ወተት አጠጣን። ስለዋሸሁት ይቅርታ ጠየቅኩት። "በስልክ ብትነግረኝ አላምንህም ነበር። ያ ቀልደኛ ነው ይህን ያስባለህ ብዬ እስቅ ነበር" አለኝ።

ሐይቁን አላየነውም። ጉሙ እንደሸፈነው ተመለስን።

ሰኞ

ትምህርት ቤት ዋልኩ። ዛሬ የተጠየቅኩትን መለስኩ። ይህም አንድ ነገር ነው።

ራት ላይ አባዬ፣ "ሌላስ ያልሰማ አለ?" አለኝ። ገባኝ። ወጨጫ ላይ ሚኪን እንደ ልጁ የሚያየው የደን ጠባቂ አለ አልኩት። ዝቋላ ላይ ደግሞ ከተራራው ሲወርዱ ሻይ የምታፈላላቸው ሴትዮ አለች። ሁለቱም መምጫውን እየጠበቁ ይሆናል።

እማዬ ቀና ብላ አየችው። አባዬ ተነስቶ ጫማውን ከአልጋ ሥር አወጣና ሶሉን ገልብጦ አየው።

"የሚቀርበው የቱ ነው?"

"ወጨጫ።"

ጭቃ አለው ወይ አለኝ። አለው አልኩት። አባዬ ዳገቱን የሚችለው አይመስለኝም። አልነገርኩትም።